ኮዱ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት፦ የሶላት ሰዓት ፕሮግራምና የኮምፒውተራችን ሴቲንግ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን በቅድሚያ የሚመለከተው ኮድ የምትጽፉትን ነው። ሌሎቻችሁ ግን ገጹን አትለፉት። የስልካችሁ የሶላት አፕ ከመስጂዱ አዛን ለምን በጥቂት ደቂቃ እንደሚለይ ጠይቃችሁ የምታውቁ ከሆነ መልሱ እዚህ አለ።

ሁኔታው በየዶርሙ የታወቀ ነው። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ፕሮጀክት ይሠራሉ። በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ቴስት ያልፋል። ያንኑ ኮድ ሌላው ሲያስኬደው አራቱ ይወድቃሉ። ከኮዱ አንዲት ፊደል አልተቀየረችም። ማስረከቢያው ቀን ደግሞ ነገ ነው። በዚህ ሰዓት ሦስት የተሳሳቱ መንገዶች ቀላል ሆነው ይታያሉ። አንደኛው፣ በቴስቱ ውስጥ የተጻፈውን ትክክለኛ መልስ አጥፍቶ ፕሮግራሙ ያወጣውን ቁጥር መተካት ነው። ሁለተኛው የወደቀውን ቴስት መሰረዝ ነው። ሦስተኛው «በእኔ ላይ ይሠራል» ብሎ መተው ነው። ሦስቱም ስህተቱን አያስወግዱም፤ ወደ ተጠቃሚው ያሸጋግሩታል እንጂ።

የወደቀ ቴስት ወሬ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን ሳናረጋግጥ እርምጃ እንዳንወስድ ተምረናል። ወሬ አምጪው እውነት ሊናገር ይችላል፤ የተናገረው ግን ስለ ኮዱ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ኮዱ ስለቆመበት ማሽን ነው። ዛሬ የምናየው ይህንን ለይቶ የማወቅ ዘዴ ነው። ዋናው ነጥባችን አንድ ነው፦ ቴስቱ በምን ያህል እንደወደቀ በጥንቃቄ ካነበብን፣ የተሳሳተውን ሴቲንግ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ራሱ ይነግረናል።

1. ሴቲንግ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቴስት ማለት መልሱን አስቀድመን የምናውቀውን ጥያቄ ለፕሮግራሙ አቅርበን መልሱን ማመሳከር ነው። ፕሮግራሙ ግን መልሱን የሚያዘጋጀው እኛ ከሰጠነው ነገር ብቻ አይደለም። ሳንነግረው ከማሽኑ የሚወስዳቸው ነገሮች አሉ፦ የዛሬ ቀንና ሰዓት፣ የሰዓት ክልል ወይም ታይም ዞን፣ የቋንቋና የአገር ምርጫ፣ ፊደል በፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ፣ የፎልደር ስሞች፣ የተጫኑት ላይብረሪዎች ቨርዥን። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ሴቲንግ እንበላቸው። በሁለት ላፕቶፖች ላይ ኮዱ አንድ ቢሆንም ሴቲንጉ አንድ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውም በትክክል አንድ አልነበረም ማለት ነው።

2. ምሳሌያችን፦ ወገል ጤና

ነገሩን በተግባር ለማየት የአንድ ከተማ የሶላት ሰዓት የሚያሰላ ትንሽ ፕሮግራም እንውሰድ። የመረጥነው ከተማ ወገል ጤና ነው፤ ከላስታ ደጋ በስተደቡብ የምትገኘው፣ በኦፓል ማዕድኗ ስሟ የታወቀው የደላንታዋ ከተማ። የመረጥናት በምክንያት ነው። ብዙ አፖች ከአገራችን የሚዘረዝሩት ትልልቆቹን ከተሞች ነው። በትንንሽ ከተሞች የሚኖር ሰው ከዝርዝሩ አንዱን፣ ብዙ ጊዜም አዲስ አበባን፣ መርጦ ይጠቀማል። የሚያስከትለውን ወደ ኋላ እናያለን።

ወገል ጤና በግምት በ11.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ39.2 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። ቴስት ለመጻፍ መልሱን ከፕሮግራሙ ውጭ ማወቅ አለብን። እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል።

የአገራችን ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ይህም የ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሰዓት ነው። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ወገል ጤና ከ45 ዲግሪ በ5.8 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ስለሆነች፣ 5.8 በ4 ሲባዛ 23 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 12:23፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6:23 ነው። የፀሐይ ጉዞ ዓመቱን ሙሉ እኩል ስላልሆነ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6:07 ይቀርባል፤ በየካቲት መጀመሪያ ወደ 6:37 ይዘገያል። የዙህር ወቅት የሚገባው ፀሐይ ከዚህ ነጥብ ዘንበል ስትል ነው።

ቂብላውንም እናስላ። መካ በ21.4 ሰሜንና በ39.8 ምሥራቅ ላይ ናት። ኬንትሮሷ ከወገል ጤና ጋር አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው፤ በትክክል ሲሰላ ከሰሜን 3 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል።

ሁለት የታወቁ መልሶች አገኘን። አሁን ቴስቱ በሌላ ማሽን ላይ ወደቀ እንበል።

3. የልዩነቱን መጠን ማንበብ

«ወድቋል» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ አይተን ወደ ኮዱ ከመሮጣችን በፊት የተጠበቀውንና የተገኘውን ቁጥር ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

በትክክል 3 ሰዓት። 12:23 ሲጠበቅ 09:23 ከመጣ ማሽኑ በዩቲሲ ላይ ነው። የኪራይ ሰርቨሮችና እንደ ዶከር ባሉ ሳጥኖች ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ካልተነገራቸው በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ ይነሳሉ። በላፕቶፕ ያለፈው በሰርቨር የሚወድቀው አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

በትክክል 6 ሰዓት። ይህ የሰዓት ክልል ችግር አይደለም። አንዱ ወገን በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በ24 ሰዓት አቆጣጠር እየቆጠረ ነው። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ወጥመድ አለ። በየካቲት መጀመሪያ ወገል ጤና ላይ ዙህር በ24 ሰዓት አቆጣጠር 12:37 ገደማ ነው። በዚያው ቀን መግሪብ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12:30 ገደማ ነው። በስክሪን ላይ «12:30» የሚል ቁጥር ብቻውን ቢታይ የቱ ሶላት እንደሆነ አይታወቅም። ቴስቱ የሚያመሳክረው ቁጥሩን ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ለጥቂት ደቂቃ ልዩነት ቦታ ከሰጠን፣ በስህተት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሰዓት ስንጽፍ አቆጣጠሩንም አብረን እንጻፍ።

10 ወይም 11 ሰዓት። ዊንዶውስ ሲጫን የሰዓት ክልሉ ካልተስተካከለ በአሜሪካ ፓሲፊክ ሰዓት ሊቀር ይችላል። ያ ክልል ከእኛ በክረምታቸው 11፣ በበጋቸው 10 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ይበልጥ የሚያስቸግረው ባለቤቱ ክልሉን ሳይነካ የሰዓቱን ቁጥር በእጅ ሲያስተካክል ነው። በስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት ልክ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ማሽኑ የሚያውቀው ዓለም አቀፍ ሰዓት ሁሉ ስህተት ነው። ስለዚህ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ዓይቶ «ልክ ነው» ማለት አይበቃም፤ ክልሉ የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

ዓመታት። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ የካላንደር ምርጫ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከጃንዋሪ በኋላ 8 ዓመት ይሆናል። ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ ብቻውን ዓመተ ምሕረትን እንደሚያመጣ መገመት አያስተማምንም፤ የኢትዮጵያን ካላንደር በስሙ መጥራት ይሻላል። በሌላ በኩል ማሽኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከሄደና ድረ-ገጾችም «ደህንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ እምቢ ካሉ፣ በአሮጌ የላብ ኮምፒውተር ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ አልቃ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን። ይህ ሦስት ምንጭ አለው፤ የሚለየውም በሚወድቅበት ሰዓት ነው። ቴስቱ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ማሽኑ በዩቲሲ ነው፤ እኛ ጋ ቀኑ ሲቀየር እሱ ጋ ገና ትናንት ነውና። ከመግሪብ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ የሚወድቅ ከሆነ የሂጅራ ቀን ከፀሐይ መግባት እንደሚጀምር አልተነገረውም። ወሩን ሙሉ በአንድ ቀን የሚለይ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚከተለው በቅድሚያ የተሠራ ሠንጠረዥ ነው። ለምሳሌ ከ2014 ጀምሮ ጃቫ ይዞት የመጣው የሂጅራ ካላንደር በኡሙል ቁራ ሠንጠረዥ ላይ የቆመ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የረመዳን መግባት የሚታወጀው የጨረቃ መታየት ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ የወሩ መጀመሪያ በኮድ ውስጥ የሚቀበር ሳይሆን ከውጭ የሚሞላ ሴቲንግ መሆን አለበት።

ከ50 እስከ 75 ደቂቃ፣ በዐስር ላይ ብቻ። ይህ የመዝሀብ ምርጫ ነው። በሻፊዒይ፣ በማሊኪይና በሐንበሊይ መዝሀቦች ዐስር የሚገባው፣ ከእኩለ ቀኑ ጥላ በተጨማሪ፣ ጥላው የነገሩን ቁመት አንድ እጥፍ ሲያህል ነው። በታወቀው የሐነፊይ አቋም ሁለት እጥፍ ሲያህል ነው። በወገል ጤና ኬክሮስ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ ከ50 እስከ 75 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ትክክለኛ ፊቅህ ናቸው፤ ስህተቱ የትኛው እንደተመረጠ አለመጻፉ ነው።

ከ4 እስከ 14 ደቂቃ፣ በፈጅርና በኢሻእ ላይ ብቻ። ይህ የፀሐይ ዲግሪ ምርጫ ነው። የሙስሊም ዓለም ሊግ ለፈጅር 18፣ ለኢሻእ 17 ዲግሪ ይጠቀማል። የግብፁ 19.5 እና 17.5 ነው። የሰሜን አሜሪካው ኢስና በብዙ አፖች ላይ 15 እና 15 ሆኖ ይገኛል። ኡሙል ቁራ ለፈጅር 18.5 ይዞ ኢሻእን ከመግሪብ በኋላ 90 ደቂቃ ያደርገዋል። በወገል ጤና አንድ ዲግሪ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ያህል ስለሚያወጣ፣ ከ18 ወደ 15 መሄድ ፈጅርን ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ያዘገያል።

7 ደቂቃ፣ በፀሐይ መውጫና መግቢያ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ። አንዳንድ ፕሮግራሞች የቦታውን ከፍታ ይጠይቃሉ። 2,500 ሜትር ብለን ብንሞላ የተለመደው ፎርሙላ ፀሐይ መግቢያዋን በ7 ደቂቃ ገደማ ያዘገያል፣ መውጫዋንም በዚያው ያህል ያስቀድማል። ፎርሙላው የሚያስበው ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ወደ ባሕር የሚያይ ሰው ነው። ዙሪያው ራሱ ደጋና ተራራ ለሆነ አገር ያ ሐሳብ እንዳለ አይሠራም።

ከ2 እስከ 8 ደቂቃ፣ እንደ ወቅቱ የሚቀያየር። ቦታው ተሳስቷል፤ ከላይ በይደር ያቆየነው የአዲስ አበባ ጉዳይ ይህ ነው። በሰኔ አጋማሽ በ18 ዲግሪ ስሌት የወገል ጤና ፈጅር ከአዲስ አበባው በ7 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። መግሪቡ ደግሞ በ3 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። በሰኔ ሰኞና ሐሙስን የሚጾም የወገል ጤና ሰው በአዲስ አበባ ሴቲንግ ቢመራ፣ ፈጅር ከገባ በኋላ ሱሑር ሊበላ፣ ፀሐይ ሳትገባም ሊያፈጥር ይችላል ማለት ነው። በታኅሣሥ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ በታኅሣሥ ብቻ የተፈተሸ ፕሮግራም ይህን አደጋ አያሳይም።

4. የወደቀው ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ሲሆን

የሶላቱን ስም በአማርኛ የሚያሳየው ቴስት ከወደቀና በስክሪኑ ላይ ፊደል ሳይሆን የላቲን ሆሄና ምልክት ድብልቅ ከታየ፣ ፋይሉ የተነበበው በሌላ የፊደል ኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ቨርዥን ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ማሽኑ በቆየው የምዕራብ አውሮፓ ኮድ ካነበበው አንዱ ፊደል ሦስት ባዕድ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ጃቫ ዩቲኤፍ-8ን በሁሉም ማሽን ላይ መነሻ ያደረገው በ2022 በወጣው 18ኛ ቨርዥኑ ነው። ስለዚህ አንዱ ላፕቶፕ አሮጌ ጃቫ፣ ሌላው አዲስ ጃቫ ካለው ውጤቱ ሊለያይ ይችላል።

ሁለቱ ጽሑፎች በዓይን አንድ ሆነው ቴስቱ «አንድ አይደሉም» የሚልበትም ጊዜ አለ። ብዙ የዓለም ፕሮግራመሮችን ያደናገረ እውነተኛ ምሳሌ አለ። የዓለም ቋንቋዎችን የሰዓትና የቀን አጻጻፍ የሚይዘው ሲኤልዲአር የተባለው የመረጃ ስብስብ በ42ኛ ቨርዥኑ፣ በእንግሊዝኛ ሰዓት ላይ ከ«ኤኤም» እና «ፒኤም» በፊት ያለውን ተራ ክፍተት በማይሰበር ቀጭን ክፍተት ተካው። በማርች 2023 የወጣው ጃቫ 20 ይህን ይዞ ሲመጣ ለዓመታት ያለፉ ቴስቶች ወደቁ። ኮዱን የነካው ሰው አልነበረም። እንዲህ ሲያጋጥም ጽሑፉን በዓይን ከማየት ይልቅ የእያንዳንዱን ፊደል ቁጥር ማተም ነው።

ሌሎች ሦስት የተለመዱ አሉ። ዊንዶውስ የመስመር መጨረሻን በሁለት ምልክት፣ ሊኑክስ በአንድ ይጽፋል፤ ጊትም እንደ ሴቲንጉ አንዱን ወደ ሌላው ሊቀይር ይችላል። ሊኑክስ በፋይል ስም ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ሆሄ ይለያል፤ ዊንዶውስ ግን በተለምዶ አይለይም። የአገር ምርጫው ጀርመን በሆነ ማሽን ላይ ደግሞ ነጥብ የሺህ መለያ፣ ኮማ የአስርዮሽ ምልክት ስለሆነ «11.58» ተብሎ የተጻፈ ኬክሮስ 1158 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። መልሱ ጭራሽ ከእውነት የራቀ ሲሆን ይህንን አስቡ።

5. ከእርግጠኛው ተነስተን ወደ አጠራጣሪው

በፊቅህ ትምህርታችን እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ እንደማይወገድ የሚያስተምር መርሕ አለ። ውዱእ ማድረጉን የሚያውቅና መፍረሱን የተጠራጠረ ሰው ምሳሌው ሆኖ ይጠቀሳል። ይህ አካሄድ ለፕሮግራመርም ይጠቅማል፤ የተረጋገጠውን ይዘን ያልተረጋገጠውን አንድ በአንድ እንፈትሻለን። የሶላት ሰዓት ስሌት ደግሞ ለዚህ የተመቸ መሰላል አለው።

የመጀመሪያው ደረጃ ቂብላ ነው። ቂብላ በሰዓት፣ በቀንም ሆነ በመዝሀብ ላይ አይመሠረትም፤ የሚፈልገው የቦታውን መገኛ ብቻ ነው። ከሰሜን 3 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ከመጣ ኬክሮስና ኬንትሮሱ በትክክል ተነበዋል፣ ተዘዋውረውም አልገቡም። ከእንግዲህ እነሱን አንጠራጠርም።

ሁለተኛው እኩለ ቀን ነው። የሚፈልገው ኬንትሮስ፣ ቀንና የሰዓት ክልል ነው። ቂብላ አልፎ እኩለ ቀን ከወደቀ ጥፋቱ በሰዓት ክልሉ ወይም በቀኑ ነው።

ሦስተኛው የፀሐይ መግቢያ ነው። እኩለ ቀን አልፎ ይህ ከወደቀ ከፍታውን እንመልከት። አራተኛው ዐስር ነው፤ ብቻውን ከወደቀ መዝሀቡ ነው። አምስተኛው ፈጅርና ኢሻእ ናቸው፤ ብቻቸውን ከወደቁ ዲግሪው ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል የሚሄድ ሰው አምስት ነገር በአንድ ጊዜ አይጠራጠርም። ሁለት ደንቦች ግን ይጠበቁ። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሴቲንግ ብቻ እንቀይር። ሦስት ነገር ቀይረን ቴስቱ ቢያልፍ የቱ እንዳዳነን አናውቅም፤ ነገም ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ምርመራው የሚያበቃው ቴስቱ ሲያልፍ ሳይሆን ውድቀቱን በፈለግን ጊዜ መልሰን ማምጣት ስንችል ነው። የዩቲሲ ጥርጣሬ ካለን የራሳችንን ላፕቶፕ ሆን ብለን በዩቲሲ አድርገን እናስኪደው። ያው የ3 ሰዓት ልዩነት ከመጣ ምክንያቱ ተረጋገጠ፤ ካልመጣ ጥርጣሬያችን ትክክል አልነበረም፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ።

6. መፍትሔው ሴቲንጉን ግልጽ ማውጣት ነው

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ያንን አንድ ማሽን አስተካክሎ ማለፍ ጊዜያዊ ነው። ሦስተኛ ማሽን ሲመጣ ችግሩ እንደገና ይጀምራል። ዘላቂው መፍትሔ ፕሮግራሙ ከማሽኑ በዝምታ የሚወስደውን ሁሉ በግልጽ እንዲቀበል ማድረግ ነው።

የሰዓት ክልሉ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ተብሎ በስም ይጻፍ። ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ከማሽኑ አይጠይቅ፤ ቀኑ እንደ ግብዓት ይሰጠው። ያን ጊዜ በሰኔ የሚሆነውን በጥር መፈተሽ ይቻላል። ፋይል ሲከፈት ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ይነገር። ዲግሪው፣ መዝሀቡ፣ ከፍታውና የወሩ መጀመሪያ በአንድ የሴቲንግ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብም በማን ውሳኔ እንደተመረጠ ይጻፍ። የላይብረሪዎቹ ቨርዥን ይመዝገብ። በመጨረሻም ቴስቶቹን ሆን ብለን በሁለት የሰዓት ክልል፣ ማለትም በአገራችንና በዩቲሲ፣ እናስኪዳቸው። በሁለቱም ካለፉ መልሱ በማሽኑ ላይ እንዳልተንጠለጠለ አወቅን።

ቴስቱ ሲወድቅ የሚጽፈውም መልእክት ይሻሻል። «ወድቋል» ከማለት ይልቅ የተጠበቀውን፣ የተገኘውን፣ ልዩነቱን በደቂቃ፣ የማሽኑን የሰዓት ክልልና የጃቫውን ወይም የፓይተኑን ቨርዥን ያትም። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ግማሹን መንገድ ተጉዞ ያገኘዋል።

7. አማናው የማን ነው?

አንዳንዱ «ጥቂት ደቂቃ ምን ያመጣል?» ይል ይሆናል። ጾም የሚጀመረውም የሚፈታውም በወቅት ነው፤ ሶላትም ወቅት የተደረገለት ዒባዳ ነው። አፑን የሚከፍተው ሰው ዲግሪም ኬንትሮስም አያሰላም፤ እኛን አምኖ ነው ቴምሩን የሚያነሳው። ይህ እምነት አማና ነው። የወደቀ ቴስት አማናው ከመጓደሉ በፊት የሚሰጠን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቁጥሩን ለውጦ ማሳለፍ ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው።

ድንበራችንንም እንወቅ። የትኛው ዲግሪ፣ የትኛው መዝሀብ፣ ወሩስ መቼ ገባ የሚለው የፕሮግራመር ውሳኔ አይደለም፤ የዑለማዎችና የአካባቢው መስጂድ ነው። የእኛ ሥራ የተሰጠንን ምርጫ ሳናዛባ ማድረስና የትኛው እንደተመረጠ ለተጠቃሚው በግልጽ ማሳየት ነው። አፑና የመስጂዱ አዛን ሲለያዩም ከሙአዚኑ ጋር ክርክር ከመግጠማችን በፊት የስልካችንን ሴቲንግ ከፍተን እንይ፦ ከተማው የቱ ነው? ዲግሪው ስንት ነው? የዐስር ምርጫው የማን ነው?

ለልምምድ ይህንን ሥሩ። የትውልድ ከተማችሁን ኬንትሮስ ፈልጋችሁ ከ45 ቀንሱት፤ ውጤቱን በ4 አባዙትና አማካዩን እኩለ ቀን በእጅ አውጡ። ከዚያ ከስልካችሁ አፕ ጋር አመሳክሩት። ልዩነቱ በጥቅምት መጨረሻ 16፣ በየካቲት መጀመሪያ 14 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ የፀሐይዋ ነው። ከዚያ በብዙ ካለፈ ግን ልዩነቱን በ3ኛው ክፍል ካሉት ጋር አነጻጽራችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

አላህ የምንማረውን የሚጠቅም ያድርግልን፤ የተጣለብንንም አማና ለመወጣት ያግራልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ